አባ ጥጋቡና ሽታ የሌለው ጎማ

ሰው የሚናፍቀውን ሽታ መርጦ አይናፍቅም። ምርጫ ቢሰጠኝ እኔም እንደ ጨዋ ሰው ዝናብ ያረጠበው አፈር፣ ወይም የብርቱካን አበባ፣ ወይም ታጥቦ ፀሐይ ላይ የዋለ አንሶላ እናፍቅ ነበር። የእኔ ናፍቆት ግን ጎማ ነው። መኪና ላይ ተገጥሞ የሚሽከረከረውን ማለቴ አይደለም፤ ጥሬውን፣ እንደ ትልቅ የሳሙና ጡብ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚመጣውን ነው የምላችሁ። ያ ጎማ የራሱ የሆነ ሽታ ነበረው፤ የነጭ ጋዝም የከረመ ሽንኩርትም የሚመስል፣ አንዴ ልብስ ውስጥ ከገባ እንደ ሩቅ ዘመድ እንግዳ ሂድ የማይባል። ከዚህ በላይ ልገልጽላችሁ አልችልም። አሽትታችሁት የማታውቁ ከሆነ ግን ብዙም አልቀረባችሁ።

በዚያ ዘመን ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ «እዚያው ቁም!» ትለኝ ነበር። ሌላውን ሰው ሚስቱ «እንኳን ደህና ገባህ» ብላ ስትቀበለው፣ እኔ እንደተያዘ ሌባ እጄን ወደ ላይ አንስቼ በረንዳ ላይ ልብሴን አወልቃለሁ። ማዶ ያለው ሕንፃ ሙሉ ያየኛል። ዓመታት ሲያልፉ እነሱም ማየት ሰለቻቸው፣ እኔም ማፈር ሰለቸኝ። ታዲያ አንድ ቀን እንደ ልማዴ እጄን አንስቼ ስቆም፣ ባለቤቴ ጠጋ ብላ አሸተተችኝና ፊቷ ተለዋወጠ። «ዛሬ ሥራ አልገባህም እንዴ?» አለችኝ። ገብቻለሁ ብል ማን ይመነኝ! ባል ሽቶ ሸትቶ ሲገባ ሚስት እንደምትጠረጥር አውቅ ነበር፤ ምንም ሳይሸት ሲገባም እንደምትጠረጥር ግን ያን ቀን ተማርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የምሠራው እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ፣ ከጎማ ማሸጊያ በሚሠራ አንድ መካከለኛ ፋብሪካ ነው። ማሸጊያ ስላችሁ ካርቶን እንዳይመስላችሁ። በቧንቧና በቧንቧ መካከል ገብቶ ውኃ እንዳይንጠባጠብ የሚያደርገው ቀለበት፣ የመኪናችሁን በር ስትዘጉ «ጡፍ» ብሎ ነፋሱንና ዝናቡን ውጭ የሚያስቀረው ጥቁር ጠርዝ፣ እሱ የእኛ ሥራ ነው። አመስግኖን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ማሸጊያ የሚታወሰው ሲያፈስ ነው። ጊዜው ደግሞ ካርሜ ጋት ገና ሰፈር ሳትሆን፣ ከሩቅ ክሬን ብቻ ቆሞ የሚታይባት፣ ወጣቱ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ባዶ አሸዋ ላይ ቆሞ «ሳሎኑ እዚህ ጋ ነው የሚሆነው» የሚልበት ጊዜ ነበር።

የፋብሪካው ልብ ወፍጮው ነው። በዕብራይስጥ ሌላ ስም አለው፤ እኛ ግን ገና ከመጀመሪያው ወፍጮ ብለን ጠራነውና ወፍጮ ሆኖ ቀረ። የሰው ወገብ የሚያህሉ ሁለት የብረት ጥቅሎች ጎን ለጎን ተጋድመው ወደ ውስጥ ይሽከረከራሉ፤ ጥሬው ጎማ በመካከላቸው ይገባና ተዳምጦ፣ ከጥላሸትና ከዘይት ጋር ታሽቶ፣ በፊተኛው ጥቅል ላይ እንደ ብርድ ልብስ ይጠመጠማል። ባለሙያው በቢላዋ እየሰነጠቀ ያገላብጠዋል፤ ሲደርስ ሉህ ሉህ አድርጎ ቆርጦ ያወርደዋል። «ሲደርስ» ማለት ቀላል ነው። መቼ እንደ ደረሰ ማወቅ ነው እንጂ ጣጣው፣ ያን ደግሞ በእኛ ፋብሪካ የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ።

አባ ጥጋቡ የአርማጭሆ ሰው ናቸው፤ ከነአባታቸው ብረት ሠሪ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላዋ ከእጃቸው ይወጣ ነበር። በዚያ አገር ባለ እጅ መሆን ምን እንደሚያስወራ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሰዉ ማረሻውን ይወስድና ሰላምታውን ይነፍጋል። ወናፍ እየነፉ የብረቱን ቀለም አይተው «አሁን!» የሚሉ ሰው ነበሩ። እዚህ ሲመጡ ብረቱም ወናፉም እዚያው ቀረ፤ ዓይናቸውና አፍንጫቸው ግን አብረዋቸው መጡ።

አመጣጣቸው ግን እንደ ብዙዎቻችን ነበር። ባንክ ሲሄዱ ልጃቸው ታስተረጉምላቸዋለች። ሐኪም ቤት የልጅ ልጃቸው «ሳባ ራሱን ያመዋል» እያለ፣ አያቴን ማለቱ ነው፣ እሳቸው እዚያው ተቀምጠው እንደሌሉ ሰው ይወራላቸዋል። ቢሮ ሲገቡ ወረቀት ይሰጧቸውና «እዚህ ጋ ፈርም» ይሏቸዋል። የሚነግራቸው ሰው ሞልቷል፤ የሚጠይቃቸው የለም። ወፍጮው ላይ ሲቆሙ ግን ከመናሄሉ፣ ከሥራ አስኪያጁ ማለቴ ነው፣ ጀምሮ እስከ ፎርክሊፍት ነጂው ድረስ ሁሉም አጠገባቸው መጥቶ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። «አባ፣ ደርሷል?» እሳቸው ከሉሁ ጫፍ ጣት የምታህል ቁራጭ ይቆርጣሉ፣ ይስቧታል፣ ብርሃን ላይ ያዩዋታል፣ ከዚያ አፍንጫቸው ሥር ያስጠጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ፋብሪካው ቆሞ ይጠብቃል። «ትንሽ ይቀረዋል» ካሉ ይቀረዋል፤ «ደርሷል» ካሉ ደርሷል። ማዕባዳው፣ ያው ላቦራቶሪው፣ ቁራጩን በማሽን አሙቆ የሚያወጣው መስመር ከእሳቸው አፍንጫ ሲለይ አይቼ አላውቅም። ለጡረታ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ቀርቷቸው ነበር። በዚህች አገር «እርስዎ ምን ይላሉ?» የሚባሉበት ቦታ ያ ወፍጮ ብቻ እንደ ነበር የገባኝ ግን ከእጃቸው ሊወጣ ሲል ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት አዲሱ ጎማ መጣ። ነጭ ነው፤ ለመስታወትነት ትንሽ የቀረው። አባ ጥጋቡ አሸተቱት፣ ደግመው አሸተቱት፣ መሐረባቸውን አውጥተው ተናፈጡና እንደገና አሸተቱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ዳኘው፣ ይሄ ነገር የለም» አሉኝ።

መናሄሉ ሲጋልን ላከልን። ሲጋል የማዕባዳው ልጅ ናት፤ እዚሁ የተወለደች፣ ሠራዊቷን ጨርሳ ቤርሼባ ኬሚስትሪ ተምራ የመጣች። አማርኛዋን ከእናቷ ወጥ ቤት ስለተማረችው ስለ ምግብና ስለ ቁጣ ሲሆን እንደ ውኃ ይፈስላታል፤ ስለ ኬሚስትሪ ሲሆን ይደርቅባታል። አባ ጥጋቡ ከእናቷ ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ስትወለድ አቅፈዋታል፣ ስትመረቅ መርቀዋታል።

«አባ፣ ጎማው ያው ጎማ ነው» አለች እጇን አጣምራ። «የተሠራበት ካታሊዛቶር ነው የተቀየረው።»

«ምኑ?»

ሲጋል ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔም የማላውቀውን ነገር ለማስረዳት ከማንም አላንስምና ገባሁበት። «አባ፣ ጎማ የሚሠራው ከነዳጅ ከሚወጡ ጋዞች ነው። ኢትሊንና ፕሮፒሊን ይባላሉ፤ ዘር ማንዘራቸው ኦሌፊን ነው። ብቻቸውን ቢተዉ አይተዋወቁም። ካታሊዛቶር የሚባለው መካከላቸው ገብቶ አንዱን ከአንዱ ያገናኛል፣ ሰንሰለት ያደርጋቸዋል፤ እሱ ራሱ ግን ከሰንሰለቱ ውስጥ አይገባም።»

«ሽማግሌ በለው» አሉ አባ ጥጋቡ።

«በሉት! እና የቀድሞው ሽማግሌ ብዙ ዓይነት ነበር፤ አንዱ ሰንሰለቱን ያስረዝማል፣ አንዱ ያሳጥራል፣ እያንዳንዱ እንደ ፀባዩ።»

ሲጋል እዚህ ላይ አማርኛዋ መጣላት። «አዲሱ ሜታሎሲን ነው አባ። በሁለት ቀለበት መካከል የተቀመጠች አንዲት የብረት ቅንጣት። ክፍት የሆነው ጎኗ አንድ ነው፤ ጋዙ ሁሉ በዚያች በር ብቻ፣ በአንድ ሥርዓት ይገባል። ሰንሰለቶቹ እኩል ናቸው፣ ማለት... ከሞላ ጎደል። ከጋዞቹ ጋር ደግሞ ትንሽ ዳይን የሚባል ይጨመራል፤ እሱ ኋላ ሲበስል ድኙ የሚይዝበት መንጠቆ ነው። የድሮው ጎማ የሚሸተው መንጠቆ ሳይሆን የቀረው ትርፉ ዳይን ነበር። አሁን ብዙም አይተርፍም።»

አባ ጥጋቡ የጎማውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ብረት የሚለው ቃል ሳይስባቸው አልቀረም። ከዚያ «ሁሉም እኩል ከሆነ ማን ማንን ይይዛል?» አሉ።

ሲጋል አፏ ተከፈተ። ለካ ከጎማው ጋር የመጣው ወረቀት ላይ በሦስት ገጽ ግራፍ ተጽፎ የነበረው ይኸው ነው፤ ድሮ አጫጭሮቹ ሰንሰለቶች እንደ ቅባት ያለሰልሱ፣ ረጃጅሞቹ ጥቅሉ ላይ ይይዙ ነበር፤ እኩሎቹ ግን ወፍጮ ላይ መያዣ ያጣሉ። እሳቸው በአንዲት ጥያቄ ደረሱበት። ማወቅና መቻል ግን ሁለት ናቸው። በዚያ እሑድ ጎማው ጥቅሉ ላይ አልጠመጠም ብሎ እንደ ሰፊ ሱሪ ወደ ታች ተንጠለጠለ። አባ ጥጋቡም ሽታው እስኪለወጥ እየጠበቁ አሹት፤ ሽታው ደግሞ የለም፤ ያለቅጥ አሹት። ያን ቀን የወጣው ሉህ ሁሉ ተበላሸ።

በማግስቱ ጠዋት መናሄሉ ጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆንማ ለእኔም ይቀለኝ ነበር። እስከ ሻቩዖት በዓል፣ ወር ያህል ማለት ነው፣ ይጠብቃል፤ እስከዚያ አባ ጥጋቡ አዲሱን ጎማ ካልቻሉበት ወደ መጋዘን ይዛወራሉ፤ ደመወዛቸው አይነካም። «አንተ ብትነግራቸው ይሻላል፣ የናንተን ሥርዓት አንተ ታውቃለህ» አለኝ። ሄድኩና አጠገባቸው ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። «አባ፣» አልኳቸው፣ «መናሄሉ ሰላም ይልዎታል።»

ከዚያ በላይ ምን ይወጣኛል? ወፍጮ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ቢላዋ አያያዝ ሲያሳዩኝ እጄን በእጃቸው ይዘው ነው። መጋዘን ደግሞ ሰው የሚጠየቅበት ቦታ አይደለም፤ ካርቶን ይደረደራል፣ ሰዓት ይታያል፣ ይወጣል።

ሲጋል መላውን በአንድ ቀን አግኝታው ነበር፤ በማዕባዳው ትንሿ ወፍጮ ላይ ሞክራ። በጥቅሎቹ መካከል ያለው ክፍተት በማጥበቂያው መሪ ሁለት ዙር ይጠብባል፤ ማቀዝቀዣው ውኃ በደንብ ይከፈታል፤ ጥላሸቱ ቀደም ብሎ ይገባል፤ ሉሁ የሚወርደው ደግሞ በሰዓት ተቆጥሮ ነው፣ አፍንጫ አያስፈልግም። አራት ዓረፍተ ነገር። ሌላ ሕዝብ ቢሆን ወረቀት ላይ ጽፎ ማሽኑ ላይ ለጥፎት ምሳውን ይበላ ነበር። ሲጋል ግን «ያቀፉኝን ሰው አያውቁም ልበላቸው?» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። እናቷም ነገሩን ሰምታ ኖሮ፣ አባ ጥጋቡን ያሳፈረች ልጅ ቤቴ እንዳትገባ ብላ ቁርጡን ነግራታለች።

እና ምን አደረግን? አባ ጥጋቡ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽርጣቸውን አውልቀው፣ አጣጥፈው፣ አውቶቡሳቸውን ለመያዝ ይወጣሉ። የሚቀጥለው ፈረቃ የሚገባው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት እኔና ሲጋል የእሳቸውን የተበላሹ ሉሆች መልሰን ወፍጮው ውስጥ እናስገባለን፤ እሷ መሪውን ታጠብቃለች፣ ውኃውን ትከፍታለች፣ ሰዓት ትይዛለች፤ እኔ እሸከማለሁ። አንዱ ሉህ የሙክት ያህል ይመዝናል። ስንጨርስ መሪውን ወደ ነበረበት እንመልሳለን፤ እሳቸው በማግስቱ ሲመጡ ሉሆቹ ተስተካክለው መስቀያው ላይ ናቸው፣ ማዕባዳው አልፈዋል ብሏል፣ ሁሉም ሰላም ነው። ይህን ነው እንግዲህ አክብሮት ያልነው። ስታስቡት አንድን ሰው ከመጋዘን ለማዳን ሥራውን ነጥቀን እንሠራለት ነበር፤ ያኔ ግን እንዲህ ብሎ ያሰበ የለም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ተአምር አየን። ከሉሆቹ አንድ ሁለቱ በራሳቸው ደህና ሆነው መውጣት ጀመሩ። በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ ይጨምራል። እኔ ደስታዬን አልቻልኩም። «አየሽ፣ አፍንጫቸው እየለመደው ነው!» አልኳት ሲጋልን። ሲጋል «ናኾን፣ እውነት ነው» ብላ ወደ መሪዋ ዞረች። ወገቤ እየተቆረጠ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ወር ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም። አውቶቡስ ላይ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። ሰው ሳይታይ በጎ ሲሠራ ልቡ ምን ያህል እንደሚያብጥ ሞክሩትና እዩት።

በዓሉ ሲቀርብ መናሄሉ ጠረጠረ። የማታው ፈረቃ ሰዎች «ግማሽ ሰዓት ቆሟል የሚባለውን ወፍጮ ሁልጊዜ ትኩስ ሆኖ ነው የምንረከበው» ብለው ነግረውት ኖሮ፣ «ሐሙስ ጠዋት ራሴ ቆሜ አያለሁ» አለ። በዚያን ጊዜ ከአባ ጥጋቡ ሦስት ሉሆች አንዱ ገና እየተበላሸ ነው። ያቺ አንዷ መናሄሉ ፊት ብትወጣስ?

ሐሙስ ጠዋት በር ላይ ጠበቅኋቸው። «አባ፣ ዛሬ ፊትዎ ትክክል አይደለም። ቤት ገብተው ቢያርፉስ? እኔ አሞዎት ነው እላለሁ።»

«ደህና ነኝ» አሉና ሽርጣቸውን አሰሩ። እንደወትሮው በአንድ ጊዜ አላሰሩትም፤ ቋጠሮው ሁለት ጊዜ አመለጣቸው።

መናሄሉ እጁን አጣምሮ ቆመ። ሲጋል ከማዕባዳው መስታወት ኋላ ናት፤ ጥፍሯን ትበላለች። አባ ጥጋቡ ጎማውን አነሱ። ከዚያ፣ እኔ ዓይኔን ማመን አቃተኝ፣ እጃቸውን ወደ መሪው ሰደዱና ሁለት ዙር አጠበቡ። ውኃውን ከፈቱ። ጎማው ገባ፤ ጥቅሉን አቅፎ ያዘ፤ ጥላሸቱን ቀደም አድርገው ጣል ጣል አደረጉበት። ቢላዋው በሰያፍ ሲሰነጥቅ፣ ሉሁ ሲታጠፍ፣ ሲገባ፣ ሲወጣ፣ አንዲት ጭረት የለችውም። ለመሆኑ ሉህ ያምራል? እሱ አማረ። ሰዓት አላዩም፤ በልባቸው ቆጠሩ መሰለኝ። በመጨረሻ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጠው፣ ስበው፣ ብርሃን ላይ አይተው፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምን እንደሚያሸቱ እግዚአብሔር ይወቅ። እኔ ወፍጮው ማዶ ቆሜ ዓይኔ እንባ ሞላው።

መናሄሉ ጠበቀ፤ ከዚያ የማውቀውን ያን ጥያቄ በተሰባበረ አማርኛ ጠየቀ። «አባ፣ ደርሷል?»

«ደርሷል» አሉ።

ማዕባዳውም ደርሷል አለ። መናሄሉ ትከሻቸውን ነካ አድርጎ ሄደ፤ የመጋዘኑ ነገር በዚያው ተረሳ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብሬያቸው ወጣሁና አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ጎናቸው ተቀመጥኩ።

«አባ፣ መቼ ነው የቻሉበት?»

«ይሄን ጎማ? በሁለተኛው ቀን።»

«እንዴት ሆኖ?»

«መነጽሬን ረስቼ ከዚህችው ማቆሚያ ተመለስኩ። በጭነቱ በር ብቅ ስል አየኋችሁ። ልጅቱ መሪ ታጠብቃለች፣ ውኃ ትከፍታለች፤ አንተ ሉሁን እንደ ሬሳ ተሸክመህ ታቃስታለህ። አንዴ ማየት ይበቃኛል፤ ብረትም የተማርኩት እንዲሁ ነው፣ አባቴ ሲሠራ እያየሁ። መነጽሬን ትቼ ሄድኩ።»

«ታዲያ አንድ ወር ሙሉ ለምን ያበላሻሉ?!» ጮህኩ መሰለኝ፤ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ዞር አሉ።

አባ ጥጋቡ እንደ ሞኝ ልጅ አዩኝ። «በማግስቱ አስተካክዬ ብሠራ እንዳየኋችሁ ታውቁ የለም እንዴ? ያቺ ልጅ ከዚያ በኋላ በምን ዓይኗ ታየኛለች? ስለዚህ ቀስ ብዬ ልማር አልኩ። በየሁለት ቀኑ አንድ ሉህ። እስከ ክረምት መግቢያ በደህና እማረው ነበር፤ መናሄሉ ቸኮለ እንጂ።»

«መጋዘን ሊያስገባዎት እንደነበር ያውቁ ነበር?»

«መናሄሉ ሰላም ይልዎታል ብለኸኝ የለ? እሱ በሰው በኩል ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ነገር እንዳለ ገባኝ፤ እዚህ ደግሞ ሥራ ያቃተው ሰው የሚላከው መጋዘን ነው።» አውቶቡሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ አዩ። «ፈርቼ ነበር፣ አልደብቅህም። ዛሬ ጠዋት ሽርጤን ማሰር አቃተኝ። ካርቶን ልደርድር ነው እያልኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ግን አንዴ ጀምሬው ነበር፤ በመካከሉ እንዴት አቋርጣለሁ?»

አውቶቡሱ መጣና ሄዱ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ስቄ አልወጣልኝም፣ አልቅሼ አልወጣልኝም።

በዓሉ አልፎ እሑድ ሲመጣ ወሬውን ይዤ ወደ ሲጋል በረርኩ። በመገረም ትጮኻለች ብዬ ነው። እሷ ግን ረጋ ብላ መሳቢያዋን ከፈተችና አንድ እሽግ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ለካ እኔ ሉሁን ከመሸከሜ በፊት ከእያንዳንዱ ጫፍ ቁራጭ እየቆረጠች ለራሷ ትመረምር ነበር። «እዩት» አለችኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መስመሮች አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ የተበተነ መንጋ ይመስላሉ። ከሦስተኛው ቀን ወዲህ ያሉት የተበላሹት መስመሮች ግን አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ይሄዳል፤ አሥሩን ብትደራርቡት አንድ መስመር ነው።

«ሁሉም እኩል ነው የተበላሹት» አለች። «ሰው እንዲህ እኩል አድርጎ ማበላሸት የሚችለው ሥራውን አጥንቶ ሲያውቀው ነው። ማስተካከል አቅቷቸው እንዳልሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አባ እኔን ላለማሳፈር እንደዚያ ሲደክሙ አይቻለሁ ልበላቸው?»

«እሺ፣ እሳቸው ይሁኑ። እኔስ? ከዚያ ወዲያ ሦስት ሳምንት ሙክት ሙክት የሚያህል ሉህ ያሸከምሽኝ እኔስ?»

ሲጋል ወለሉን አየች። እጇን አጣመረች፤ ልክ ያኔ አባ ጥጋቡ ፊት እንዳጣመረችው። ድምፅዋም ያው ለእሳቸው ያወጣችው ድምፅ ነበር። «ጋሽ ዳኘው፣» አለችኝ፣ «እርስዎ በዚያ ሥራ በጣም ደስ ብሎዎት ነበር። እኔ እንዴት አድርጌ ልንገርዎት?»

ሰው ማርጀቱን በምን እንደሚያውቅ የተለያየ ነገር ይባላል። አንዱ በጉልበቱ፣ አንዱ በመነጽሩ። እኔ የቆምኩት ማዕባዳ ውስጥ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ ፊት ነበር። እውነቱን ለመንገር የማይደፈር ሰው ሆኛለሁ። የተከበርኩ ሰው ሆኛለሁ ማለት ነው። እንኳን ደስ ያለህ በሉኝ።

አባ ጥጋቡ የቀራቸውን ዓመት ወፍጮው ላይ ጨርሰው በክብር ወጡ። አሁን ከሰዓት በኋላ ገበያ ማዕከሉ አግዳሚ ላይ ከእኩዮቻቸው ጋር ይቀመጣሉ፤ ሲያገኙኝ ስለ ልጆቼ ከመጠየቃቸው በፊት «ወፍጮው ደህና ነው?» ይሉኛል። ደህና ነው እላቸዋለሁ። እሳቸው የቆሙበት ቦታ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ «ደርሷል?» እያሉ የሚጠይቁትም እኔን ነው፤ በየጊዜው ከማዕባዳው አዲስ ነገር ይመጣል፣ አዲስ ዘይት፣ አዲስ ድኝ፣ አዲስ የማላውቀው ስም። ወጣቶቹ ጠዋት ጠዋት እየመጡ «ጋሼ፣ የትናንቱ ሉህ ሁሉም አልፏል፣ እጅዎ ይባረክ» ይሉኛል። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ እሄድና፣ አንድ ነገር የረሳሁ አስመስዬ ተመልሼ በጭነቱ በር ወደ ውስጥ አያለሁ። ወፍጮው ቆሟል፤ አጠገቡ ማንም የለም። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው አልያዝኩም። ግን እሱም ቢሆን አላጽናናኝም፤ ልጆቹ ከእኛ የተሻለ መደበቅ ተምረው ይሆናል።